ልጁ በማን ቤት ይቆጠር?

በ2017 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ዕድሜያቸውን ቆጠሩ። ሴፍቲኔት የምንለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም 20 ዓመት ደፈነ፤ ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ 25 ሞላው። አንደኛው የግብርና ሰዎች ጉዳይ ነው፣ ሌላው የፍርድ ቤት፤ አብረው ሲነሱ አይሰማም። በአምባሰል፣ በግሸን ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ግን ባልና ሚስት በተፋቱ ማግስት ሁለቱም አንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ። ሕጉ ልጁ ማን ዘንድ እንደሚያድግ ይወስናል፤ ፕሮግራሙ ልጁን በማን ደብተር ላይ እንደሚጽፍ ይወስናል። ሁለቱ ውሳኔዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚጎድለው የልጁ እህል ነው።

ይህ ዳሰሳ ተለያይተው በሚያሳድጉ ወላጆችና በመንግሥት ድጋፍ መካከል ያለውን ነገር ይመለከታል። በአገራችን ለልጅ ተብሎ ለእያንዳንዱ ወላጅ የሚከፈል አበል የለም። የደመወዝ ግብርም ልጅ ላለውና ለሌለው እኩል ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲልም አምስት ልጅ የሚያሳድግና ብቻውን የሚኖር ሰው የሚያገኙት አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን መፈለግ ያለብን ድጋፉ በእርግጥ በሚሰጥባቸው ቦታዎች ነው፤ በሴፍቲኔት፣ በጤና መድህን፣ በጡረታ። ከሁሉም ሰፊው ሴፍቲኔት ነውና አብዛኛውን ቦታ እሱ ይወስዳል።

የሴፍቲኔት አሠራር ለደቡብ ወሎ አንባቢ አዲስ አይደለም። ላለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የገጠመው ቤተሰብ በማኅበረሰቡ ልየታ ይመረጣል። መሥራት የሚችል ያለበት ቤት ከጥር እስከ ሰኔ እርከን ይሠራል፣ ተፋሰስ ያለማል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ የሚሠራ የሌለበት ቤት ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። መለኪያው በሰው አምስት የሥራ ቀን፣ በእህል ሲታሰብ በሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ከአራተኛው ምዕራፍ ወዲህ ደግሞ አንድ ቤት ከአምስት ሰው በላይ አይቆጠርለትም።

የነገሩ ቁልፍ ይህ የአምስት ጣሪያ ነው። ባል፣ ሚስትና አምስት ልጆች ያሉበትን ቤት እንውሰድ። ሰባት ናቸው፤ የሚቆጠሩት አምስት ናቸውና በወር 75 ኪሎ ይደርሳቸዋል። ተፋቱ እንበል፤ ሦስቱ ልጆች ከእናት፣ ሁለቱ ከአባት ሆኑ። የእናት ቤት አራት፣ የአባት ቤት ሦስት፣ ድምሩ ሰባት፣ ማለትም 105 ኪሎ። በወረቀት ላይ ፍቺው ለልጆቹ 30 ኪሎ ጨመረላቸው። በተግባር ግን የተፋታች ሴት ብዙውን ጊዜ ጎጆ አትወጣም፤ ልጆቿን ይዛ እናትና አባቷ ቤት ትገባለች። ያ ቤት ቀድሞውኑ አምስት ሰው የተጻፈበት ከሆነ ጣሪያው ሞልቷል። እሷና ሦስቱ ልጆች አንድም ኪሎ አይጨመርላቸውም። አባትየው ከሁለቱ ልጆች ጋር 45 ኪሎ ይቀበላል፤ ስሟ ካልተፋቀ ደግሞ የእሷንና የልጆቿንም ድርሻ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ያው ሰባት ሰው፣ ያው ረሃብ፣ ግን አንዴ 75፣ አንዴ 105፣ አንዴ 45 ኪሎ። ልዩነቱን ያመጣው ማን ከማን ጣሪያ ሥር እንዳደረ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ እንቅፋት አለ፣ ኮታ። ለወረዳው የተመደበው የተጠቃሚ ቁጥር አስቀድሞ የታወቀ ነው። በፍቺ አዲስ እማወራ ስትወጣ አዲስ ደብተር የሚታተምላት ወዲያው ሳይሆን በሚቀጥለው ልየታ፣ ቦታ ከተገኘ ነው። እስከዚያ ድረስ የልጆቿ ስም ያለው የቀድሞ ባሏ ዘንድ ነው። ፕሮግራሙ ይህን አስቦ በተጠቃሚ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ እንዲኖር አድርጓል፤ ጥሩ እርምጃ ነው። ሁለቱ በሰላም እስካሉ ድረስ ይሠራል። ከተጣሉ በኋላ ግን ሁለት ፎቶ ያለበት አንድ ደብተር ሁለት ቤት ሊያድር አይችልም፤ በእጁ የያዘው ሰው ሄዶ ይቀበላል።

ሥራውም አለ። ልጅ ሥራ አይሠራም፤ የልጁን አምስት ቀን የሚሠራለት አብሮት ያለው አዋቂ ነው። ሁለት አዋቂ ባለበት ቤት ይህ ለሁለት ይከፈላል። ሦስት ልጅ ይዛ ብቻዋን የቆመች እናት ግን የአራት ሰው 20 ቀን አለባት። መመሪያው አንድ አዋቂ በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ለሴቶችም የሥራ ጫናው ከወንዶቹ በግማሽ እንዲቀንስ ያዝዛል፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ደግሞ ወደ ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ ትዛወራለች። ይህ ሁሉ ለሷ የተጻፈ ነው፤ የሚጠቅማት ግን እማወራ ተብላ ከተመዘገበች ነው። በአባቷ ቤት እንደ ልጅ ከተጻፈች የእማወራነት መብቷ ከስሟ ጋር ይጠፋል።

ስለ ሁለት ሚስት ጉዳይ መመሪያው ግልጽ መሆኑ ይገርመኛል። ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት ባልየው ከአንዷ ጋር ይቆጠራል፤ ሌሎቹ ከልጆቻቸው ጋር እንደ ራሳቸው እማወራ ይመዘገባሉ። ይህ ለወሎ የታሰበ የሚመስል ትክክለኛ መልስ ነው። አንድ አባት በሁለት ቤት ሊኖር እንደሚችል ፕሮግራሙ አውቋል። አንድ ልጅ በሁለት ቤት ሊኖር እንደሚችል ግን ገና አላወቀም።

ይኖራልም። በከተማ ሲታሰብ የጋራ ማሳደግ ማለት ሰኞና ማክሰኞ እዚህ፣ ቅዳሜና እሑድ እዚያ ነው። በአምባሰል ደጋ የጋራ ማሳደግ የሚቆጠረው በወቅት ነው። ትምህርት ሲከፈት ልጁ ውጫሌ ወይም ሐይቅ አጠገብ ካለችው እናቱ ዘንድ ይሆናል፤ ገብስ ሲታጨድ፣ ከብት ጠባቂ ሲጠፋ፣ አባቱ ይጠራዋል። ሽማግሌዎችም ሲያስታርቁ «ለመስከረም 21 ለግሸን ማርያም ወደ አባቱ ይውጣ፣ ለፋሲካ ይመለስ» ዓይነት ነገር ይላሉ እንጂ በሳምንት ቀን አይለኩም። አሁን የልየታውን ጊዜ እንመልከት። ሥራው ጥር ላይ ስለሚጀመር ልየታው የሚካሄደው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት፣ መኸሩ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ልጁ ከአባቱ ማሳ በሆነበት ሳምንት ተቆጥሮ በአባቱ ደብተር ይጻፋል፤ እህሉ የሚከፈልባቸውን ወራት ግን ከእናቱ ጋር ያሳልፋል። ማንም አልዋሸም። ቆጠራው አንድ ቀን ነው፣ የልጁ ዓመት ግን 13 ወር ነው።

የወሎን የጋራ ማሳደግ ስናነሳ ከእናትና ከአባት በፊት ሊጠሩ የሚገባቸው አያቶች ናቸው። እናት ዓረብ አገር፣ አባት ሌላ ትዳር ውስጥ፣ ልጁ አያቱ ዘንድ፤ ይህ ሥርዓት በደቡብ ወሎ ከብዙ ቤት የሚገኝ ነው። አያቷ አቅመ ደካማ ከሆነች ቀጥተኛ ድጋፍ ይገባታል፤ እሱም ለስድስት ወር ሳይሆን ለ12 ወር የሚሰጥ ነው። ግን ከመስፈርቶቹ አንዱ የዘመድ ድጋፍ የሌለው መሆን ነው። ልጇ ጅዳ ያለች አያት «ላኪ አላት» ትባላለች፣ ብሩ ቢመጣም ባይመጣም። ለተፋታች እናትም ያው ነው። ፍርድ ቤት ቀለብ የወሰነላት ሴት በወረቀት ሲታይ ድጋፍ ያላት ትመስላለች፤ ያ ቀለብ ስንት ወር እንደቆመ የልየታ ኮሚቴው የሚጠይቅበት መስመር በቅጹ ላይ ሊኖር ይገባል።

ወደ ቀለብ ከመጣን ሕጉን ጥቂት እናንሳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች የሰጠ ነበር፤ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የ1992ቱ ሕግ ፍቺውን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ፣ የአምስት ዓመቱንም ደንብ አነሳ። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውን፣ ቀለባቸውንና የመጠያየቅ መብታቸውን አብሮ መወሰን አለበት፤ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ። ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ፤ በዚህ ረገድ መንፈሱ ከፌዴራሉ የራቀ አይደለም። ትዳራቸውን በሸሪዓ የሚዳኙ ሙስሊም ቤተሰቦች፣ በፈቃዳቸው እስከሆነ ድረስ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ሌላ መንገድ አላቸው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ቀለብ በከተማ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጠቅላላ ተቀናሹ ከደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። በገጠር ደመወዝ የለም። ሕጉ ደግሞ ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈው ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በቀር፣ እንደማይከፈል ይደነግጋል። ከግሸን አምባ ሥር ወርዳ ወረዳ ፍርድ ቤት ለመድረስ የቀን ሥራዋን የምትተው እናት፣ ሦስት ወር እንዴት እንደሚያልቅ ታውቀዋለች። ይህን ደንብ ለአካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ቀለብ ላይ ማስቀረት ተገቢ ነው እላለሁ፤ ልጁ ሦስት ወር ሳይበላ አልኖረምና፣ ያበላው ሰው ገንዘቡ ሊመለስለት ይገባል።

ፍቺ ደግሞ በአገራችን ብርቅ ሆኖ አያውቅም። በ1990 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን ብሔራዊ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት የተነተኑ ሁለት አጥኚዎች ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚፈርሱ፣ ከሚፋቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛውም ይህ የሚደርስባቸው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንደሆነ ጽፈዋል። ፍቺው ጨቅላ ልጅ በታቀፈ ዕድሜ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ለብዙ ቤት የሚሠራ ፕሮግራም ይህን እንደ ልዩ ጉዳይ ሊያየው አይችልም።

ከፍርድ ቤት ሳልወጣ የምወደውን ውሳኔ ላንሳ፣ ምክንያቱም ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሆን ሐሳብ የያዘው እሱ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የወሰነው ነው። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያሳደገችው አክስቱ ናት። ከዓመታት በኋላ አባቱ መጥቶ ሞግዚትነቱ በሕግ የኔ ነው አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ተስማሙ፤ በቤተሰብ ሕጉ ፊደል አንድ ወላጅ ቢሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ሞግዚት ነውና። ሰበር ሻረው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 3 ጠቅሶ፣ ከወላጅነት ማዕረግ በፊት የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው አለ፤ ልጁም ካሳደገችው ጋር ቀረ። በጊዜው በሥራ ላይ በነበረው በአዋጅ 454/1997 መሠረት የሰበር የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድድ ነበር፤ ስለዚህ ይህ የአንድ ቤተሰብ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ሰዎች ስለዚህ ውሳኔ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። የሕጉን ግልጽ ቃል ዳኛ እንዴት ያልፋል የሚሉ አሉ፤ ተቃውሞው ቀላል አይደለም፣ ዛሬ ለአክስቲቱ የሠራ ስፋት ነገ አባትን ያለበደሉ ሊያስቀር ይችላል። እኔ ግን ከችሎቱ ጋር ነኝ። ችሎቱ የጠየቀው ጥያቄ፣ ማለትም ልጁ በእውነት በማን እጅ ነው ያለው የሚለው፣ የልየታ ኮሚቴ ሊጠይቀው የሚገባው ያው ጥያቄ ነው። ፍርድ ቤት በ2000 ዓ.ም. ከማዕረግ ወደ ልጁ ተሻገረ፤ የድጋፍ መዝገቦቻችን ግን አሁንም በአባወራና በእማወራ ስም ይጀምራሉ።

ሌሎቹን ቅርንጫፎች በአጭሩ ልለፍባቸው። የጤና መድህን ለሐይቅ ሰው የቆየ ነገር ነው፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ ነበር። እሱም በቤት የሚገባ ነው፤ ወላጆችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይታከማሉ። ከፍቺ በኋላ ሁለት ቤት ሁለት መዋጮ ነው፣ ልጁም በአንዱ ይጻፋል። አገልግሎቱ ወረዳው ውል በገባበት ጤና ጣቢያ ስለሚጀመር በአባቱ ደብተር አምባሰል የተጻፈ ልጅ እናቱ ዘንድ ሐይቅ ሆኖ ቢታመም ደብተሩ አይከተለውም። በከተማ ሴፍቲኔትም፣ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች የጀመረው፣ መቁጠሪያው ቤት ነው፤ የሚለየው ጣሪያው አራት ሰው መሆኑ ነው።

ጡረታ ግን ይለያል። በ2003 ዓ.ም. በወጡት በአዋጅ 714 እና 715 የሟች ባል ወይም ሚስት ከጡረታው 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ እናትም አባትም የሞቱበት ልጅ 30 በመቶ እንዲያገኝ ተደነገገ። የተፋታች ሚስት ከዚህ ምንም የላትም፤ የልጇ ድርሻ ግን የልጁ ነው። ልጁ ከእናቱ ጋር ይደር፣ ከእንጀራ እናቱ፣ ከአያቱ፣ 20 በመቶው አይቀንስም። እዚህ አገር በቤት ሳይሆን በልጅ የሚቆጠር ክፍያ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው መልሱ የቆየ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ይዘውት ይኖራሉ። ሜልበርን ላይ የተፋታ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ድጎማውን ለመካፈል ልጁን ቢያንስ 35 በመቶ ጊዜ መያዝ አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ምንም የለውም፣ ሌላው ወላጅ ሙሉውን ይወስዳል። አሜሪካ ሌሊት ይቆጠራል፤ ልጁ ብዙ ሌሊት ያደረበት ወላጅ ቅድሚያ አለው። ስዊድን ከመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተወለዱ ልጆች፣ አሳዳጊነቱ የጋራ ከሆነ፣ የልጅ አበሉን ለሁለት ከፍላ ትልካለች። እንግሊዝ ለአንዱ ብቻ ትሰጣለች። በዝቅተኛ ገቢ የሚኖር፣ ልጆቹን በሳምንት ሦስት ቀን የሚይዝ አንድ አባት ይህ አድልዎ ነው ብሎ ተሟግቶ በ2012 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተረታ፤ ዳኞቹ ትንሽ ገንዘብ ለሁለት ሲከፈል ዋናውን ቤት ያሳሳዋል አሉ። ይህ የእንግሊዞች ክርክር ለኛ ይበልጥ ይመዝናል ብዬ አምናለሁ። 15 ኪሎን በሌሊት ቁጥር መክፈል ለሁለቱም ቤት አይረባም። የአውስትራሊያ መንገድ ሌላ አደጋ አለው፤ መቶኛው ገንዘብ ሲሆን ወላጆች ልጁን ለመቶኛው ይጎትቱታል።

ስለዚህ ለአምባሰል የምደግፈው ኪሎውን መክፈል ሳይሆን ልጁን በራሱ ስም መመዝገብና ድርሻው ካለበት ቤት ጋር አብሮ እንዲዛወር ማድረግ ነው። መሣሪያው አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀበሌ ይሠራል፤ የልደት ምስክር ወረቀት የልጁ እንጂ የአባወራው አይደለም። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም መጥቷል። የሴፍቲኔት አምስተኛው ምዕራፍ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የታቀደ ነበር፤ ቀጣዩ ቅጽ በሚዘጋጅበት ጊዜ ሦስት ነገር ቢገባበት ብዙ ይለወጣል። አንደኛ፣ ልጁ ከጥር እስከ ሰኔ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ መስመር። ሁለተኛ፣ በወላጆቿ ቤት የተጠጋች የልጅ እናት በዚያ ቤት ጣሪያ ሥር ሳትታጠፍ እንደ እማወራ እንድትቆጠር። ሦስተኛ፣ ፍቺ ሲጸድቅ የፍርዱ ግልባጭ ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል እንዲደርስና ደብተሩ ዓመቱን ሳይጠብቅ እንዲከፈል።

ለሦስተኛው አዲስ ሕግ አያስፈልግም። አንቀጽ 113 ልጁ ከማን ጋር እንደሚሆን በፍርዱ ውስጥ እንዲጻፍ አስቀድሞ አዝዟል፤ የቀረው ያንን ገጽ ከወረዳ ፍርድ ቤት ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መላክ ነው። እስከዚያ ድረስ ደብተር የተከለከለች እናት በእጇ ያለው መንገድ የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፤ ስትሄድ የፍርዱን ግልባጭና የልጆቹን የልደት ወረቀት ይዛ፣ ልየታው ተጠናቆ ዝርዝሩ ለሕዝብ ሲነበብ በዚያው ሰሞን ብትሄድ ይሻላታል።